ባለፎቁ ዋስ ሆነኝ

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፤ ፀዳ ገበያም በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ።

ዛሬ ነጋዴው ባየህ ከመናፈሻው ዳር ባለ አራት ደርብ ፎቅ ሊሠራ መሬት ሲያስለካ ደረስሁ። የጧት ፀሐይ የምንሞቅበትን ቦታ ሊያጨልምብን ነው። «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽሁ። ለኪው ገመዱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

አጥቢያ ዳኛው መጡ። «ሙግቱ ነገ ነው። አያ ፈንቴ፣ እንደሚቀርቡ ዋስ ይጥሩ» አሉኝ።

አብረውኝ የሚሞቁት ሽማግሎች መሬት መሬት አዩ። አንዱማ «ምነው፣ ፎቁ ላይ ወጥተን ብንሞቅስ?» አለኝ።

«በየትኛው ጉልበትህ!» አልሁት።

«እኔ ዋስ እሆናቸዋለሁ» አለ ባየህ ራሱ። ሰዉ በሳቅ አውካካ። ይባስ ብሎ በበቅሎው ቤቴ ድረስ ሸኘኝ።

ውለታ አላሳድርም። ለበቅሎዋ ድርቆሽ ራሴ ተሸክሜ አደርሳለሁ። ነገ ከሁሉ ቀድሜ ቀርቤ ከዋስትናው አወጣዋለሁ። ስረታውም አልስቅበትም።