ስለ ተከለከልኩት የልቡና ትምህርት

ለተከበሩ የጣልያን መንግሥት የትምህርት ጉዳይ ሹም፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በልደታ ሰፈር የተረፍነው ሁሉ ደኅንነትዎን አጥብቀን እንመኛለን። ይህን ደብዳቤ በተክለ ሃይማኖት መንገድ ግንብ ላይ የለጠፍኩት ቸርነትዎ ተሰውሮ እንዳይቀር ነው።

ከጦርነቱ በፊት በፈረንሳይ አገር የድልድይ ሥራ ተምሬ በዲፕሎማ የተመለስኩት እኔ፣ አሁን ደግሞ ሳይኮሎጂ የሚባለውን፣ የሰውን ልቡና የሚመረምር ከፍተኛ ትምህርት ለመማር ከአገር የመውጫ ፈቃድ ጠይቄዎት ነበር። ምክንያቴ እኅቴ ወርቅአፈራሁ ናት። በየካቲቱ ግድያ ባሏን ተሰማን በካሚዮን ጭናችሁ ከወሰዳችሁት ወዲህ አንደበቷ ተዘጋ። የካሚዮን ድምፅ በሰማች ቁጥር፣ ይበርደዋል ብላ ይመስለኛል፣ ካፖርቱን ይዛ ወደ መንገድ ትወጣ ነበር። ጠበል ወሰድኳት። አጥማቂው ቄስ ብዙ ከደከሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ጋኔን አይደለም፤ ያየችው ነገር ነው። እኔ ለዚህ መድኃኒት አላውቅም» አሉኝ። እኔም አላውቅም ነበርና ልማር አልኩ።

ስለ መልስዎ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ «ድልድይ የተማረ ሰው ስለ ልቡና ምን አገባው?» ብለው ለሙያዬ ስለ ተቆረቆሩልኝ። እውነት ነው፤ ስለ ድንጋይና ብረት እንጂ ስለ እንባ የፈተነኝ መምህር አልነበረም። ከታች ጀምር ቢሉኝ ግን እሺ ባልኩ ነበር።

፪ኛ፦ የአገሬው ሰው ሆድ እንጂ የሚመረመር ልቡና እንደሌለው በአስተርጓሚ ስላስረዱኝ። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ስለ ተናገረ በደንብ አልሰማሁት ይሆናል።

፫ኛ፦ ዲፕሎማዬን በፊቴ ስለ ቀደዱት። የተማረ በሚታደንበት ዘመን ከአደገኛ ዕቃ ገላግለውኛል።

የቀረውን በቁጥር ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። በዚያው ሳምንት ወርቅአፈራሁ እንደ ልማዷ ካፖርቱን ይዛ ወጣች። በጠመንጃ ያዥ ሰፈር መታጠፊያ የቆመው ወታደርዎ በቋንቋው «ቁሚ!» አላት። አልቆመችም። ተኮሰ። ካፖርቱን ከእጇ ማላቀቅ ስላልቻልን ከእርሷ ጋር ቀበርነው። እንግዲህ የምማርላት ሰው የለችምና ከጥናት ድካም አሳርፈውኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በቸርነትዎ እስከ ዛሬ የተረፈው፣ ነገ ለመትረፍ ግን ፈቃድዎን የማይለምነው ትሑት አመልካችዎ፣
ተክለጻድቅ ዓባይነህ
ልደታ፣ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ያ ወታደር ትናንት በቀትር ቤቴ መጣ። ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ዓይኑን በከደነ ቁጥር እኅቴ ፊቱ እንደምትቆም በተሰባበረ አማርኛ ነገረኝ። ትምህርቱም ፈቃዱም ስለሌለኝ ወደ እርስዎ እንዲሄድ መክሬዋለሁ፤ ሲመጣ እባክዎ ወንበር ይስጡትና ያዳምጡት።