«ጎና» ያለ ይቀጣል

ሰኞ፣ ኅዳር 4
እንደተለመደው ማዳመጫዬን ሰክቼ፣ ሻንጣ የጠፋባቸውን መንገደኞች በስልክ፣ በእንግሊዝኛ ሳባብል ዋልኩ። ከሰዓት አለቃችን አዲስ ሕግ ለጠፈ። «ጎና» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ክልክል! በተቀረጸ ጥሪ ላይ ቃሉን የተናገረች ነጥብ ይቀነስባታል፤ ነጥቧ የጎደለ ቋሚ አትሆንም። ሥራ ፈት ጎረምሶች ትናንት የፈጠሩት ቃል ነው አለን። መቼም እሱ የማያውቀው የለ...

እኔ ደግሞ ቋሚ መሆን አለብኝ። እማዬ ቋሚ ስሆን በማገኘው የሕክምና መድን ካልታከመች በማን ትታከማለች?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5
ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ፈተሽኩ። «ጎና» ማለት ያው «ጎይንግ ቱ» ነው፣ አፍ ሲቸኩል። «ጎይንግ ቱ» ድሮ እግርን አንስቶ መሄድ ብቻ ነበር። እየቆየ ሐሳብም መሄድ ጀመረ፤ «ላደርግ ነው» ለማለት ዋለ። አጥሮ የተጻፈው ደግሞ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ ስኮትላንድ ውስጥ። ዕድሜ የጠገቡ ጎረምሶች!

አጠገቤ ለምትቀመጠው ለድንቡሼ ነገርኳት። እሷም እንደኔ ቋሚ ቅጥር ጠባቂ ናት። በሳቅ ፈረሰች። እንደ ልብሽ ተናገሪው፣ ከአለቃችን ቅድመ አያት ይበልጣል አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7
«ጎይንግ ቱ»ን አንድ በአንድ ሳነበንብ፣ ደንበኛው ማሽን ነሽ ወይ አለኝ። አለቃችን ቢሰማ እንዴት በኮራ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11
አላስችል አለኝ። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ዘረገፍኩት... ስኮትላንዱን፣ ሁለት መቶ ዓመቱን። ዕቃሽን ሸክፊ እባላለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ሰውዬው ፈገግ!
«ቃሉን እንዲህ ካወቅሽው አንቺን የሚያመልጥ የለም።»
ጥሪ አድማጭ አደረገኝ። በቋሚነት። «ጎና» ያለችውን እየያዝኩ ነጥብ ልቀንስ። እምቢ ማለት ነበረብኝ? እማዬ ስትሰማ በደስታ አለቀሰች።

ዓርብ፣ ኅዳር 15
የራሴ ክፍል፣ የሚሽከረከር ወንበር። ምን ጎደለኝ?
የመጀመሪያው ጥሪ የድንቡሼ ሆነ። ደዋይዋ ታለቅሳለች። የሟች ባሏ ፎቶዎች የጠፋው ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ድንቡሼ በዚያ ለስላሳ ድምጿ «ኢት ኢዝ ጎና ቢ ኦኬ» አለቻት፤ ደህና ይሆናል። ሴትየዋ ትንፋሽዋን ሰበሰበች፣ አመሰገነች። እኔ እንዲህ አድርጌ ሰው አጽናንቼ አላውቅም።

ነጥቡን ቀነስኩ። አፈርኩ፤ ግን ቀነስኩ።

ምሳ ላይ አገኘችኝና አቀፈችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ እህት አለችኝ። ጥሪዋን ሰምቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ።
«አልደረሰኝም» አልኳት።
«የምትሰሚው አንቺ ከሆንሽማ ምን አሳሰበኝ» ብላ ከምሳዋ አካፈለችኝ።