ሉቃስን ከቤት ማውጣት

ሐሙስ

አይሠራም። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የጀመርኩት፣ አሁንም አይሠራም። ካሜራ ገጣሚው አንዱን ከበር ውጭ፣ አንዱን ሳሎን ሰቀለ። ምስሉን የሚቀርጸውን ጥቁር ሳጥን፣ ዲቪአር የሚሉትን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አሳየንና ሄደ። ከስልክ የምታዩትን ነገ መጥቼ አስተካክላለሁ አለ። ነገ ካለ ዛሬ ስድስት ቀኑ። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም።

ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ካሜራ ምን ያደርግልኛል? ሳሎን ቁጭ ብዬ የሳሎኔን በር ላይበት? እኔ የምፈልገው ሐዋሳ ሆነን እንድናየው ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ባላይም ግድ የለኝም። ማየት ያለበት ባሌ ሉቃስ ነው።

ተናድጄም ቢሆን ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ልጃችን ምሕረት የዛሬ ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሐዋሳ በኦፕሬሽን ትወልዳለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አባቷ ግን ቤቱን ጥሎ አይወጣም። የዛሬ ስድስት ዓመት ሁለታችንም ለቀብር ሆሳዕና ሄደን ሳለ ሌቦች በጠራራ ፀሐይ የጭነት መኪና አቁመው የቤቱን ዕቃ ሙልጭ አድርገው ጫኑት። ኮንዶሚኒየም አይደል፣ ጎረቤቱ ቤት የለቀቅን መስሎት ቆሞ አየ። እንዲያውም አንዱ ፍሪጁን ደረጃ ላይ አግዟቸው፣ አዲሱ ቤት የሰላም ይሁንላችሁ ብሎ መርቋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ይህ ቤት ለአንድ ሰዓት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቸርች እንኳን በፈረቃ ነው፣ እሱ አንደኛውን ፕሮግራም፣ እኔ ሁለተኛውን። ዘመድ እናስቀምጥ ስለው፣ ዘመድ ምሳ ሊበላ ይወጣል ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አስረከበ እንጂ ሥራውን አላስረከበም።

የምሕረት ምርቃት ላይ አልነበረም። ሐዋሳ ሥራ ይዛ ቤት ስትከራይ ቤቷን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ትናንት ደውላ፣ «እማዬ፣ አባዬ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እንዳታስጨንቂው» አለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሉቃስን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ብዙ አሰበና፣ ቤቱን ከስልክ ላይ ካየሁት እሄዳለሁ አለ። ቃሉን ደግሞ አያጥፍም። እንግዲህ ወስኛለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት ይህ ሰውዬ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ይቀመጣል።

ዓርብ

ከቢሮ በጊዜ ወጣሁ። እኔ በታይፕ የጀመርኩ ጸሐፊ ነኝ። ኮምፒውተር የገባ ጊዜ ከቢሮው ሰው ያልፈራሁት እኔ ነበርኩ፣ ኢንተርኔት የሚያመጣው ራውተር ምን ሊያደርገኝ ነው?

ዛሬ የሠራሁት፦
ዲቪአሩንና ራውተሩን በኬብል አገናኘሁ። ሰውዬው ኬብሉን እንኳን አልሰካውም።
አፑን ስልኬ ላይ ጫንኩ።
የራውተሩን ፓስዎርድ ገልብጬ ከሆዱ ላይ አነበብኩ። በመነጽር አልታይ ብሎኝ በስልክ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ ነው።
የዲቪአሩን ፓስዎርድ ቀየርኩ። ከፋብሪካ የመጣው ከአንድ እስከ ስድስት መቁጠር ነበር። እንደዚያ ብተወው ሌባው ቤታችንን አይቶ፣ መርጦ ነው የሚመጣው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ላይ ሳሎናችን ብቅ አለ። ሉቃስን ጠርቼ አሳየሁት። ራሱን ከጀርባ አየና፣ ፀጉሬ ከኋላ ይህን ያህል አልቋል እንዴ አለ። ስቄ ልሞት።

ከዚያ ዳቦ ልግዛ ብሎ ስልኬን ይዞ ወረደ። ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። ከደረጃው ሥር ሲደርስ ምስሉ ጠፍቶበታል። እኔም ወርጄ ሞከርኩ፣ እውነቱን ነው። ለካ በቤቱ ዋይፋይ ነበር የምናየው። ከዋይፋዩ ወጥቼ በዳታ ስሆን የለም። እንዲህ ከሆነ መስኮት ይበቃኝ ነበር።

ቅዳሜ

ግማሽ ቀን በከንቱ አለቀ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ ራውተሩ ላይ ለካሜራው በር፣ ፖርት የሚሉትን መግቢያ፣ ክፈቱለት ይላል። እሱ እንዳለው አድርጌ ከፈትኩ። ዘጋሁ። እንደገና ከፈትኩ። ምንም የለም። አንዴ ጭራሽ ኢንተርኔቱን አጥፍቼው ሉቃስ «ተይ በቃ፣ ገጣሚው ይምጣ» አለ። እኔም «አትምጣብኝ» አልኩት። በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ለኢንተርኔቱ የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች፣ እንዲህ ሆነ ብዬ ዘረዘርኩላት። እናቴ፣ አለችኝ፣ የቤትዎ መስመር የራሱ የብቻ አድራሻ የለውም፣ ከብዙ ሰው ጋር የጋራ ነው። ስለዚህ የራውተሩን በር ቢከፍቱትም ከውጭ የሚመጣው እርስዎን ለይቶ አያገኝዎትም። ዲቪአሩ ራሱ ወደ ውጭ እንዲገናኝ የሚያደርግ ምርጫ ይኖረዋል፣ እሱን ይፈልጉት። በሠላሳ ዓመት የቢሮ ሕይወቴ እንደዚህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ጥቂት ነው። ጌታ ይባርካት።

ፈለግኩት። አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ የመጣውን ባለ ነጠብጣብ ካሬ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ አለቀ። የከፈትኳቸውን በሮች ሁሉ መልሼ ዘጋሁ።

አሁን ግን ደረጃ ሥር መሞከር አይበቃኝም። ከሰፈራችን ከአራብሳ ታክሲ ተሳፍሬ ቦሌ መድኃኔዓለም ድረስ ሄድኩ፣ ለዚሁ ብቻ። አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩና አፑን ከፈትኩ። ሉቃስ ሳሎን ቆሞ ከድስቱ በማንኪያ ይበላል። ደወልኩለት። ሳህን አውጣ እንጂ አልኩት። ማንኪያው አፉ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ ካሜራውን አየው። ካፌው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪያየኝ ሳቅሁ።

እሑድ

ዛሬ ልምምድ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ቸርች ሄድን። ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ እኔ ቀድሜ ወረድኩ፣ እሱ ሦስቱን ቁልፍ ቆላልፎ ተከተለኝ። እህቶች ሁለታችንንም አብረን ሲያዩ የማን ሠርግ ነው ብለው ቀለዱብን።

ስብከቱ መሐል ላይ በክርኑ ነካ አደረገኝ። መጽሐፍ ቅዱሴ ሥር አድርጌ አፑን ከፈትኩ። መሣሪያው አልተገናኘም ይላል። ዘግቼ ከፈትኩ። አልተገናኘም። ለሉቃስ ምንም አላልኩትም፣ ፊቴ ግን ነገረው። ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ መኪና ጠርቶ ቆሟል። መንገዱን ሙሉ ሦስቱን ቁልፍ በእጁ ይዞ ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። እሱ ቀድሞ ሮጦ ገባ፣ እኔ ደረጃውን ጨርሼ ስደርስ ሁሉም በቦታው ነው። ራውተሩ መብራቱን እያብለጨለጨ ቁጭ ብሏል። አፑም ትንሽ ቆይቶ ይሠራል! ልቤ ድብን አለ። ሉቃስ ኮቱን ሰቀለና፣ «ብቻሽን ሂጂ። ምሕረት ታውቀኛለች» አለኝ።

ሰኞ

ከቢሮ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ከፈትኩት። አንዴም አልጠፋም። ሉቃስ ቤት ሲኖር ይሠራል፣ ሁለታችንም ስንወጣ ይጠፋል። ይሄ ምን ዓይነት ተንኮል ነው? መብራት ሄዶ ይሆን ብዬ ከላይ ያለችውን ጎረቤታችንን እትዬ ፀሐይን ጠየቅኳት። ኧረ እሑድ ጠዋት ልብስ በማሽን ሳጥብ ነበር አለች።

ማታ ከራት በፊት የዲቪአሩን ቅጂ ማየት እንደሚቻል ትዝ አለኝ። የእሑድን ከፈትኩ። ልክ በወጣንበት ሰዓት ይቆማል፣ ልክ በገባንበት ሰዓት ይቀጥላል። በመሐሉ ባዶ። ከመቆሙ በፊት ያለውን መልሼ አየሁት። እኔ ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ። ሉቃስ ይቀራል። መስኮቱን ይነካል፣ የምድጃውን ሶኬት ይነቅላል፣ ወንበር ይጎትታል። በሙሉ ልብሱ፣ በክራቫቱ፣ ወንበሩ ላይ ይወጣል። ከበሩ በላይ ወዳለው፣ የቤቱን መብራት ወደሚያጠፋው የብሬከር ሳጥን እጁን ይሰዳል። ጥቁር።

ካሜራው የያዘው የመጀመሪያ ሰው ባሌ ነው።

ጠርቼ አሳየሁት። ራሱን አየ። «አዎ፣ ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ስገባ መልሼ አበራሁት። ሰው የሌለበት ቤት መብራት ይተዋል እንዴ?» አለኝ። ካሜራው በምን ይሠራል መሰለህ ስለው፣ እንደ ስልክ ባትሪ ያለው መስሎታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከግምጃ ቤቱ ሲወጣ የመጨረሻ ሥራው ዋናውን ማብሪያ ማጥፋት ነበር፣ እጁ ሳያማክረው ነው የሚሄደው። ሦስት ቀን ሙሉ ራውተሩን ስረግም የኖርኩት እኔ ልጮህ ወይስ ልሳቅ አላወቅኩም። አፍሮ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። አሳዘነኝ።

ማክሰኞ

አላለቀም። ሌባ ዕቃ ይወስዳል፣ እሳት ግን ቤቱንም የጎረቤትንም ይወስዳል ይላል። ቆም ብዬ ሳስበው የሚለው ነገር ሐሰት አይደለም። ስለዚህ ተደራደርን። የብሬከሩ ሳጥን ውስጥ ያሉት ማጥፊያዎች ለየብቻ ናቸው፤ የምድጃው ይጥፋ፣ የመብራቱ ይጥፋ፣ የሶኬቱ ብቻ እንደበራ ይቆይ። ፍሪጁን ባዶ አድርገን ነቀልን፣ ያለውን ሥጋ ለእትዬ ፀሐይ ሰጠናት። ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ የውኃ ማሞቂያ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሁሉም ተነቀለ። ሁለት ነገር ብቻ ተሰክቶ ቀረ፣ ራውተሩና ዲቪአሩ።

ሉቃስ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በየአሥር ደቂቃው ራውተሩን በእጁ ጀርባ ሲነካው ዋለ፣ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ። ለብ ይላል አለ። ለብ ማለት አለበት አልኩት። ማታ ላይ አብረን እስከ ታክሲ መያዣው ሄደን ቆምን። አፑን ራሱ ከፈተ። ባዶውን ሳሎን አየ፣ በሩን አየ። ሲመለስ ደረጃው ላይ፣ ሐዋሳ ይበርዳል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ጃኬቱን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት፣ ሐሳቡን ሳይቀይር።

ረቡዕ

ሐዋሳ ነው የምጽፈው፣ ምሕረት ቤት። እንዴት እንደደረስን ልጻፍ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ወጣን። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የስልኩን ምስል እንዳለ ፎቶ አድርጌ ለምሕረት ላክሁላት። «ይሄውልሽ ባዶ ቤታችን። አባትሽ ከእኔ ጋር ነው» ብዬ። በድምፅ መለሰችልኝ፣ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

ቃሊቲ መናኸሪያ ሉቃስ አየ፣ ደህና ነው። ሞጆ አየ፣ ደህና ነው። ባቱ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ፣ እሱ እጁን ሊታጠብ ሄደ። እኔ ከፈትኩት። መሣሪያው አልተገናኘም። ደግሜ ደጋግሜ ከፈትኩ። መብራት ሄዶ ነው፣ በእርግጠኝነት መብራት ነው አልኩ ለራሴ። እትዬ ፀሐይ ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። ከመንገዱ ማዶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ይጠራል። ሉቃስ እጁን እያራገፈ መጣ። ቤቱ እንዴት ነው አለኝ።

ዋሸሁት። ለምሕረት የላክሁትን የጠዋቱን ፎቶ ከፍቼ ሰጠሁት።

መነጽሩን አደረገ። ረጅም ጊዜ ያዘው። ከምስሉ ጥግ ላይ ሰዓት እንደሚጻፍ ረስቼዋለሁ፣ ግምጃ ቤት ኃላፊ ግን ጥግ ያነባል። «በፈረንጅ ሰባት ከሃያ ይላል። ይሄ የጠዋቱ ነው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ጠፍቷል አይደል አለኝ። ጠፍቷል አልኩት። ወደ ሚኒባሱ አየ። ረዳቱ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«እየሰረቁን ከሆነም እስክንደርስ ጭነው ይጨርሳሉ» አለ። «ነይ ግቢ፣ ቦታችንን ይይዙብናል።»

ሻሸመኔ ደረስን። ከዚያ በመስኮቱ እያየ፣ ለምን ዋሸሽኝ አለኝ። እንዳትመለስ ብዬ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «የተመረቀች ቀን በሩ ላይ ወንበር አድርጌ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ማንም አልመጣም» አለ። እጁን ያዝኩት። እስከ ዛሬ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

ሐሙስ

ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይመስገን፣ ይመስገን።

ጠዋት ምሕረትን በአልጋ እየገፉ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሲወስዷት ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነበር። ትናንት ማታ ሲያወሩ አምሽተው እንኳን፣ ዛሬ አባቷን እዚያ ስታየው እንደ አዲስ ሆነባት። እጇን ዘረጋችለት።

«አባዬ፣ ቤቱን ለማን ትተህ መጣህ?»

«ቆልፌዋለሁ» አላት።

 እሷም ፈገግ እንዳለች አስገቧት።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምሕረት ተኝታለች፣ ባሏ መድኃኒት ሊያመጣ ወጥቷል፣ ሉቃስ ሕፃኗን ታቅፎ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ስልኬ ጮኸ። አፑ ነው፣ በር ላይ እንቅስቃሴ አለ ይላል። መብራቱ መጥቷል ማለት ነው። ድመት ትሆናለች፣ የጎረቤት ልጅ ይሆናል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ተነስቼ ስልኩን ለሉቃስ አሳየሁት።

ቀና እንኳን አላለም። «ቆይ» አለኝ፣ «እያዛጋች ነው።»

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ።