የሦስት ወር ሰነድ ወይስ አክሲዮን

ለሥራ ባልንጀራዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ? ብርድ ሲገባ እንደሚነሳብህ ስለማውቅ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ልጠይቅ ብዬ ነው። ወንድምህስ እግሩ እንዴት ሆነለት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እያስቸገረው ነው። መነጽር አድርጊ አሉኝና ባደርግ አፍንጫዬ ላይ አልቀመጥ አለ፤ ቀኑን ሙሉ እሱን ወደ ላይ ስገፋ ስፌቴን ረሳሁት። ሱቃችንም ደህና ነው። መላጊያህንና መጋዝህን ዘይት እየቀባሁ አስቀምጬልሃለሁ፤ ማንም አልነካቸውም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስልኩማ አልሆነልኝም። እናንተ ጋ የእንጨት መሰንጠቂያው ይጮሃል፣ አንተ "ሃሎ፣ ሃሎ" ትላለህ፣ እኔ ደግሞ ልነግርህ ያሰብኩት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋና ስዘጋው ነው ትዝ የሚለኝ። እና ሹፌሩ እንጨት ሊጭን ወደናንተ እንደሚመጣ ስሰማ፣ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። በጽሕፈቴ እንዳትስቅ ብቻ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ከደንበኛ ስምና ከጨርቅ ልክ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም።

ነገሩ ስለ ገንዘባችን ነው። ሱቁን ከአከራያችን ላይ ለመግዛት ብለን ሁለታችን ያጠራቀምነው ማለቴ ነው። ሽማግሌው አሁንም ለሌላ ሰው አልሸጥም ይላሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ባየኋቸው ቁጥር ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል፤ እሳቸውም ወደው አይደለም፤ ሁሉም ነገር እየወጣ እሳቸው ብቻ እንዴት ይቀመጡ?

እዚህ ኑሮው ምን እንደሆነ ብታይ! ስፖንጅ ሻጩ ዋጋውን በቀለም መጻፍ ትቶ በጠመኔ ሆኗል። ጠዋት ጠይቀህ ከሰዓት ስትመለስ ሌላ ነው። "አሁን ያልከኝስ?" ስትለው፣ "እሱማ የጠዋቱ ነው" ይልሃል፣ የትናንቱን ዳቦ የጠየቅከው ይመስል። ባለፈው አንዲት አስተማሪ ሶፋዋን አምጥታ ቀብድ ሰጠችኝ። እሷ ቡኒ ይሁን ግራጫ እያለች ጨርቅ ስትመርጥ ስትመርጥ፣ ቀብዱ ስፖንጅ መግዛቱ ቀርቶ ለክር የሚበቃ ብቻ ሆኖ ቀረ። ጨምሪ ማለት አፈርኩ፤ በኪሳራ ሠርቼ ሰጠኋት። ከሶፋ ውስጥ የሚወድቀው ሳንቲም ትዝ ይልሃል? ስንቱን ዳቦ በልተንበታል! አሁን ጠርጌ ወደ ጥግ ነው የማደርገው፤ ጎንበስ ብሎ ማንሳቱ ራሱ ከሚገዛው ይበልጣል።

እንግዲህ እንዳትቆጣኝ። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ እየሟሟ ነው ብዬ ከራሴ ድርሻ ላይ አወጣሁና ስፖንጅ ገዛሁበት። እኔ ብልጥ! ዋጋው ሲጨምር የኔም አብሮ ይጨምራል ብዬ እስከ ጣሪያው ደረደርኩት። በጎኔ ዞሬ ነበር የምገባው፤ ደንበኛ ሲመጣ በር ላይ አነጋግራለሁ። በኋላ ለአንድ ሥራ ከታች ያለውን ብስበው፣ ምን ልበልህ፣ ከላይ ባለው ክብደት ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ቂጣ ሆኗል። በእጄ ብጫነው አይመለስም፤ ብገለብጠው አይነፋም። አንተ ብትኖር ስፖንጅ ተቆልሎ አይቀመጥም ብለህ ገና በሩ ላይ ትመልሰኝ ነበር። ለትራስ መሙያ እየቀደድኩ ጨረስኩት።

ያኔ ነው ምክር መጠየቅ የጀመርኩት። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ስሙ "ሊቀመንበሩ" ሆኗል። የሳሙና ፋብሪካ አክሲዮን ገዝቶ ስብሰባ ጠሩት። እዚያ ተነስቶ "ሻዩ ቀዝቅዟል" ብሎ ተናገረ፤ ተጨበጨበልኝ ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አናግረን ብትለው በቀጠሮ ነው። "አንቺ ሴትዮ፣ አክሲዮን ግዢ! ኑሮው ሲወደድ ፋብሪካውም ሳሙናውን ያስወድዳል፣ አንቺም አብረሽ ትወደጃለሽ" አለኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የሚያስወድደኝ ፋብሪካ ካለ አድራሻውን ስጠኝ አልኩት። ወንበሩ ላይ ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ የተቀመጠው ሰውዬ ሲስቅ ሊቆረጥ ነበር።

ባንክ ሄድኩ። የምታስተናግደው ልጅ እግር ናት፤ "ይቀመጡ እማማ" ስትለኝ፣ ከኋላዬ ማን አለ ብዬ ዞሬ አየሁ። ከዚያ በቀር ግን ትዕግሥቷ መልካም ነው፤ ሁለት ጊዜ ብጠይቃት ሁለት ጊዜ አስረዳችኝ። የግምጃ ቤት ሰነድ የሚባል አለ አለችኝ። መንግሥት ላጭር ጊዜ የሚበደርበት ነው። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ትከፍላለህ፤ ቀኑ ሲደርስ የተጻፈውን ሙሉውን ትቀበላለህ፤ በመሐል ያለው ትርፍህ ነው። የሦስት ወር አለ፣ የስድስት ወር አለ፣ የዓመት አለ። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም፤ "አሳንሼ ከፍዬ ሙሉውን ከወሰድኩማ ሌባ አልባልም ወይ?" አልኳት። ሳቀች። ብቻ አንድ ነገር አልደበቀችኝም፤ ትርፉ የኑሮውን ውድነት አይደርስበትም፣ ገንዘቡ መቅለጡ አይቀርም፣ ቀስ ብሎ ይቀልጣል እንጂ አለችኝ።

አክሲዮን ደግሞ ከዋጋው ንረት ጋር እኩል ሊሮጥ ይችላል፤ ሊወድቅም ይችላል። በፈለግክ ቀን ሸጠህ ላትወጣ ትችላለህ። ሊቀመንበሩ አልነግርሽ ብሎኝ ነው እንጂ፣ አንድ ዓመት የፋብሪካው ማሽን ተሰብሮ ምንም አላካፈሉትም አሉ። እና ልጅቷ፣ አክሲዮን ከገዙ አምስት ዓመትም ከዚያም በላይ ይርሱት፣ እንደሌለ ይቁጠሩት አለችኝ። ቀጥላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ "ሁሉም የሚወሰነው በአንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡን መቼ ይፈልጉታል?" አለችኝ።

አየህ፣ ቀላል ጥያቄ ናት። ሱቁን የምንገዛው ሁለታችን ነን። አንተ ስትመጣ ነው የምፈልገው አልኳት። "ባለቤትዎ መቼ ነው የሚመለሱት?" አለች።

ባለቤቴ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ደግሞ ይነጫነጫል፤ ሥራ ነው፣ ሽርክና ነው፣ እያልኩ ላስረዳ ብል ጊዜ ይፈጃል ብዬ ተውኩት። እንዳትቀየመኝ።

መቼ ነው የሚለውን ግን ከምን አንስቼ ልቁጠር? ስትሄድ "ወንድሜ እስኪቆም" ነበር ያልከው። እስኪቆም ማለት ስንት ወር ነው ተብሎ ወረቀት ላይ ይሞላል? አስቤበት ልመለስ ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ ሰፈራችንን አልፌ ሄጄ፣ ተመለስኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ሶፋ መገልበጥ ነው። አንተ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ሆነን፣ "በይ" ስትል ነበር የማነሳው። አሁን ሊቀመንበሩን እጠራለሁ፤ ምንም ሳይል ብድግ ያደርገውና ጣቴን ይጨፈልቀዋል። "በይ በለኝ እንጂ" እለዋለሁ፤ "ምን በይ ልበልሽ?" ይለኛል፤ ተወው። አናጺ ቅጠሪ አሉኝ፤ ቀጠርኩ። ሥራው ክፉ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር፣ ሙጫ አያያዙም ጥሩ ነው። ግን ገና ሲገባ ያንተ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ቢጠይቀኝ ምናለ? ሥራ ቀዝቅዟል ብዬ አሰናበትኩት። ሥራው አልቀዘቀዘም።

ባለፈው ሹፌሩ ሲመለስ እንጨት እያወረደ ስለናንተ ጠየቅኩት። ወንድምህ ምርኩዙን ጥሎ ራሱ እንጨት እንደሚሰነጥቅ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ለሱ ስል ደስ አለኝ። አንተስ ብለው፣ ከግቢው ጀርባ አንድ ክፍል እየጨመርክ እንደሆነ፣ ሰፊ አልጋም እየሠራህ እንደሆነ፣ ራስጌውን በእጅህ እንደምትቀርጸው ነገረኝ። "ለደንበኛ ይሆናል" አልኩት። "ይሆናል" አለኝ እሱም፤ ደግ ሰው ነው፤ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። እኔ ጋ ሶፋ ብቻ ስትሠራ ኖረህ ቅርጽ መቻልህን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ባንክ ተመልሼ ሄድኩ። የራሴን ድርሻ፣ ከስፖንጁ የተረፈውን፣ የሦስት ወሩ ሰነድ ላይ አስገባሁት። ልጅቷ ግራ ገባት። "እማማ፣ የሚመለሱበት ካልታወቀ ሦስት ወር ምን ያደርግልዎታል? እያወቁ እኮ ነው የሚከስሩት" አለችኝ። አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አስገቢልኝ አልኳት። ሊቀመንበሩ ሲሰማ ማበጠሪያውን እንደያዘ ወጥቶ መንገድ ላይ ጮኸብኝ፤ "ገንዘብሽን በፀሐይ ላይ እንዳስቀመጥሽው በረዶ ቁጠሪው!" አለ። ይበል። ሦስት ወሩ ሲያልቅ አሳድሰዋለሁ፤ ያም ሲያልቅ እንደገና። ድንገት ቢፈለግ እጄ ላይ እንዲሆን ነው። ለረጅሙ ፈርሜ ልወጣ ብል፣ እጄ እሺ አላለኝም።

ያንተን ድርሻ ግን አልነካሁትም። ስትሄድ የሰጠኸኝ ውክልና እዚህ አለ፤ ያለ ቃልህ አልጠቀምበትም። ተቀምጦ ደግሞ በየቀኑ እየቀለጠ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር በለኝ። አጭሩ ይሁን ካልክ ከኔው ጋር አደርገዋለሁ። አክሲዮን ይሁን፣ ረጅሙ ይሁን ካልክም ደግ ነው፤ በስምህ ገዝቼ ወረቀቱን በሹፌሩ እልክልሃለሁ። በእውነት አልቀየምም። ሽማግሌውንም ሌላ ገዥ እንዲፈልጉ እነግራቸዋለሁ፤ ሲጠብቁ ማርጀታቸው ግፍ ነው።

ምክንያቱን አትጻፍልኝ። መጻፍ እንደማትወድ አውቃለሁ፤ እኔም ምክንያት ሳነብ ዓይኔ ይደክማል። ለሹፌሩ "አጭሩ" ወይም "ረጅሙ" ብለህ ንገረው፣ ይበቃል። እሱ የገንዘብ ጉዳይ ነው ብሎ ያደርስልኛል።

በል እንግዲህ ወረቀቱም አለቀ። ወንድምህን እንኳን ቆመህ አየንህ በልልኝ። እጅህን ከመጋዝ ጥርስ ያውጣልህ፤ የምትሠራው ይቃናልህ፤ የምትገባበት ቤት ሁሉ ሙቀት ይኑረው፤ የትም ይሁን የት። እኔን አታስብ። መልስህ እስኪመጣ እኔ የሦስት ወሩ ላይ ነኝ።

የሥራ ባልንጀራህ