ይሁኔን ያየው የለም

ቆቦ፣ ጥር 2004 ዓ.ም.

ውድ የትናየት፣

ደሴ ከተዛወርሽ ወዲህ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ኮርቼ አይደለም። ፈርቼ ነው፤ ፊደሎቼ ከመስመር ይወጣሉ። ለአማርኛ መምህር ይህ ትልቅ ውርደት ነው፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ ካላማረ ፍርሃቴን ውቀሺ እንጂ ትምህርቴን አትናቂ።

ወሬውን ሰምተሽ ይሆናል። ታላቅ ወንድሜ አሊ በጎርፍ ውኃ የመስኖ ተራ ተጣልቶ ይሁኔ የሚባለውን ገበሬ ወንድም ገደለ፤ በአፋር በኩል ተሻግሮም ጠፋ። ደሙ ግን አብሮት አልተሻገረም። በአገራችን ወግ ገዳይ ከታጣ የሚፈለገው የቅርብ ወንድ ዘመዱ ነው። ያ ወንድ እኔ ነኝ፤ በዕድሜዬ ያፈሰስኩት ቀይ ነገር ቢኖር የማረሚያ ቀለም ነው።

ይሁኔም "የወንድሜን ደም ሳልመልስ ቤቴ አልገባም" ብሎ ወጣ አሉ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ሀጀራ ሻይ ቤት ተቀምጠን ፊዚክስሽን የነገርሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? በጋላክሲ ጠርዝ ያሉ ከዋክብት ፍጥነታቸው ከሚታየው ክብደት ጋር አይገጥምም፤ የማይታይ ቁስ ባይዛቸው ተበታትነው ይቀሩ ነበር አልሽኝ። ያ ጨለማ ቁስ ምናልባት የራሱ ስውር ዓለም፣ የራሱ ኃይል፣ እንዲያውም የራሱ ብርሃን ሊኖረው ይችላል፤ ወደ እኛ የሚደርሰው ግን ክብደቱ ብቻ ነው አልሽ። ሀጀራ ብርጭቆ እያጠበች "ሰላም የማይል ጎረቤት በይው" ስትል ሳቅሽ። እኔ አገጬን ይዤ የገባኝ መሰልኩ፤ የማየው ግን አንቺን ነበር። ይህን በደህናው ቀን መናገር ነበረብኝ። ሞት ሲጠጋ አፍ ይፈታል።

ፊዚክሱ አሁን ገባኝ። ይሁኔ አይታይም፤ ሰው ሁሉ ግን መንገዱን በእሱ ልክ ያጣምማል። ሻይ ቤት ስገባ ከጎኔ ያለው አግዳሚ ይለቀቃል። የዋጃው ሚኒባስ ረዳት ባዶውን ወንበር እያየሁት "ሞልቷል መምህር" ይለኛል። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሬን ከበሩ አርቆ ጥግ ወስዶ "ለብርሃኑ ብዬ ነው" ይላል፤ ጥጉ ጨለማ ነው። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጀርባዬ መሀል አንድ ቦታ ይቀዘቅዛል። ዞር ስል ተማሪዎቼ መስኮቱን ያያሉ።

ደም የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች፣ ዘወልዶቹ፣ "ያልተገኘ ሰው እንዴት ይታረቃል?" ብለው ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት ሀጀራ ሻዬን አስቀምጣ ጎንበስ አለች።

"ይሁኔ ለምን የማይታይ ይመስልሃል?"

"አድፍጦ ነዋ።"

"አንተን ፈርቶ ነው። 'ያ መምህር ዝም ያለው ለክፉ ነው፤ በወንድሜ ሳይበቃቸው እኔን ሊደግሙኝ ነው' ይላል አሉ። ሮቢት ከተማ አጎቱ ቤት በር ዘግቶ ነው የሚውለው። እህቱ ናት የነገረችኝ።"

"መሣሪያ የለኝም እኮ፣ ወላሂ።"

"እሱ በምን ያውቃል? አይቶህ አያውቅ።"

የትናየት፣ ይህን አላስተማርሽኝም ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ለሚያይ ጨለማው እኛ ነን። ፍርሃቴ ቀለለ ብዬ አልዋሽሽም። እጥፍ ሆነ። ከተቆጣ ሰው ይልቅ የፈራ ሰው ቶሎ ይተኩሳል።

ሀጀራን ወደ እህቱ ላክኋት። "በጎብዬ ገበያ ቀን ሜዳው መሀል፣ ከዘወልዶቹ ጋር ባዶ እጄን እቀመጣለሁ፤ ይምጣና ይየኝ በሉት" አልኩ። ትናንት መልሱ መጣ። እሺም እምቢም አላለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ አሉ፦

"ምን ለብሶ ይመጣል?"

ለእርቅ ይሁን ለዒላማ፣ ሽማግሌዎቹም ሲከራከሩ ውለው አልተስማሙም። እኔ ግን "ነጭ" ብዬ ልኬያለሁ። ከሩቅ ይታያል።

አክባሪሽ፣ እውነቱን ለመናገር ከአክባሪም በላይ፣
ሰላሁዲን