ስለ እናቴ አፍ እና ስለ ልጄ ጥርስ፦ ለወረዳችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ

በቅሏል። የልጄ የዳኦን የላይኛው የፊት ጥርስ በቅሏል፤ ነጭ ነው፣ ጫፉም እንደ መጋዝ ሸንተረር ሸንተረር አለው። ለመንደሩ ሁሉ አሳይቻለሁ፤ የአውቶቡሱን ሹፌር ሳይቀር ወርዶ እንዲያይ አድርጌዋለሁ። ሰላምታ ማስቀደም እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ደስታዬ ቀድሞኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጣቢያ የአፍና የጥርስ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጥርስዎስ? በዘጠና ዓመትዎ በጨውና በበርበሬ የኮመጠጠውን ጠንካራ የነጭ ሥር ኪምቺ ያለማንም እርዳታ ቀርጥፈው እንዲበሉ ምኞቴ ነው። እኔ በጆላ ክፍለ ሀገር፣ አውቶቡሱ ከሚዞርበት የመጨረሻው መንደር፣ የዳኦን እናት ቻ ሚኦክ ነኝ። ትምህርቴ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ከባዮሎጂም አልረሳ ያለኝ ኢንዛይም ብቻ ነው። አስተማሪያችን ነጭ ሩዝ እስኪጣፍጠን ድረስ አስኝከውን፣ «ኢንዛይም ማለት የሌላውን ሥራ እያፋጠነ ራሱ የማያልቅ ሠራተኛ ነው» ሲሉ፣ ስለ እናቴ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ በራሪ ወረቀትዎ አመሰግናለሁ። ዳኦን ሁለት ዓመቷ ሳለ ለእናቶች ትምህርት ሲጠሩን፣ ለእንግዶች የሚቀርበውን ሺክሄ እንድታዘጋጅ የታዘዘችው እናቴ ፒዮ ጆምሬ ነበረች። የበሰለ ሩዝ በብቅል ውሃ ዘፍዝፋ፣ ለብ ባለ ስፍራ ሰዓታት አቆይታ፣ አንድ ቅንጣት ስኳር ሳትጨምር እንደ ማር የሚጣፍጥ መጠጥ ታወጣ ነበር። እርስዎም ጽዋዎን ጨልጠው «ስኳር ያልተጨመረበት ባህላዊ መጠጥ የልጆችን ጥርስ አይጎዳም» የሚለውን ወረቀት አነበቡልን። እናቴ እጆቿን አጣምራ ቀረበችና «ጌታዬ፣ ብቅሉ ሩዙን ማር ያደርገዋል፤ ልጅ ጡጦዋ ውስጥ ይዛው አትተኛ» አለችዎ። እርስዎም ፈገግ ብለው «እማማ፣ እርስዎ ሺክሄውን፣ እኛ ሳይንሱን» አሏት። አዳራሹ ሙሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።

ሳይንሱን እስቲ አብረን እንየው፣ ጊዜ ካለዎት። በብቅል ውስጥ ያለው ኢንዛይም የሩዙን ስታርች ቆራርጦ ስኳር ያደርገዋል፤ በምራቃችንም ውስጥ የእሱ የሥራ ባልደረባ አለ። ስለዚህ ስኳር አልተጨመረበትም ማለት ስኳር የለበትም ማለት አይደለም። ጥርስ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያም የራሱ ኢንዛይሞች አሉት፤ በአንዳንዶቹ ጣፋጩን አሲድ ያደርገዋል፣ በሌላው ደግሞ ከሱቁ ስኳር ሙጫ ሠርቶ ጥርስ ላይ ይለጠፍበታል፤ አሲዱም የጥርሱን ልባስ ይበላዋል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ፣ ጡጦ አፏ ውስጥ ሆኖ የተኛች ልጅ ጥርሷን የሚያጥብላት የለም። እናቴ ይህን ሁሉ የምታውቀው ከድስቷ ነው። ስም አላወጣችለትም እንጂ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሦስተኛ ዓመቱ ምርመራ አመሰግናለሁ። የዳኦን አራት የላይኛ የፊት ጥርሶች ጠቁረው ሲያዩ «ሩዝ እያኘከ የሚያጎርሳት ማነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ውሸት አታውቅምና እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። እናቶች ሁሉ ተሰልፈው እየሰሙ «የዚህችን ልጅ ጥርስ የበላው የአያቷ አፍ ነው» ብለው ፈረዱ። ጀርም ከአፍ ወደ አፍ መተላለፉን አልክድም፤ ማኘኩ ይቅር ቢሉን እሺ ባልን። ነገር ግን ጣፋጭ ያላገኘ ጀርም እህል ያላገኘ ወፍጮ ነው፤ ስለ ጡጦው ደግሞ ማንም አልጠየቀም።

ሦስተኛ፣ እናቴን ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ማንኪያዋ ላይ ቀይ ክር አስራ ለየችው። ሁላችንም ከምንጨልፈው የወጥ ድስት ራቀች። ትንሿን ገበታዋን ይዛ ወደ ግድግዳ ዞራ ትበላለች፤ እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ይኸው አራት ዓመት ሆናት። አራቱ ጥርሶች የተነቀሉ ዕለት ጣሪያ ላይ ልንወረውራቸው ስንል ከለከለችን። አሮጌ ጥርስ ወስዳ አዲስ የምታመጣው ወፍ የተሰጣትን ነው የምትመልሰው ብላ፣ ጥቁር ሰጥተን ጥቁር እንዳንቀበል ፈርታ፣ በጨርቅ ቋጥራ ሣጥኗ ውስጥ አኖረቻቸው። አሁን እናቴ ብዙ ነገር እየረሳች ነው። የአባቴን ስም ረስታለች፣ ሺክሄ አሠራሩን ረስታለች፣ እኔንም አንዳንድ ቀን እህቴ ነሽ ትለኛለች። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ግን አንድም ቃል አልጣለችም። ባለፈው ሳምንት ዳኦን አዲሱን ጥርስ ልታሳያት ስትሮጥ፣ አፏን በመዳፏ ከድና ፊቷን አዞረች። «አትቅረቢኝ ልጄ» አለቻት፣ «እበላብሻለሁ።»

አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ወረቀትዎን አምኜ ጡጦውን በሺክሄ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ፣ ይህን እያወቅሁ፣ ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ። ኋላ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። «ኃላፊው ካንቺ የበለጠ ተምረዋል» ትለኛለች።

ስለዚህ የምለምንዎ ካሣ አይደለም፣ የይቅርታ ደብዳቤም አይደለም። ማህተም ያለው ሰው አፍ ነው የምፈልገው። መጥተው «እማማ ጆምሬ፣ የእርስዎ አፍ አይደለም፣ የእኛ ወረቀት ነው» ይበሏት። ያቺን አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ እናቴ ጨርሳ ሳትረሳን በፊት።

ይህን ሁሉ የሚጣፍጥ ምስጋና፣ ስኳር ሳትጨምርበት፣ በታላቅ አክብሮት ያቀረበችልዎ፣

የዳኦን እናት ቻ ሚኦክ

ተጨማሪ፦ በዚያ ሰልፍ የቆሙት እናቶች ሁሉ ወደ ቤታችን ተጠርተዋል። ሺክሄውን እኔ እሠራለሁ፣ የእናቴን ያህል ባይሆንም፤ ለልጆች ውሃ ይቀርባል። የተቋጠሩት አራት ጥርሶችም ከምሳ በኋላ ጣሪያ ላይ ይወረወራሉ፤ ወፏ ነጩን አስቀድማ ስለሰጠችን ዕዳ የለብንም። የእርስዎን መቀመጫ በእናቴና በግድግዳው መካከል አድርጌዋለሁ፤ ፊቷን ስታዞር የምታገኘው እርስዎን እንዲሆን። ቀኑ እናቴ ሰማንያ ዓመት የምትሞላበት፣ የመኸሩ ሙሉ ጨረቃ በዓል ማግስት፣ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ነው።