የተሸፈነው ሙቀጫ

ውድ እማማ ሥራነሽ፣

ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ነፍስዎን ይማርና፣ ፊደል የቆጠርሁት እርስዎ ካረፉ በኋላ ስለሆነ በሕይወት ሳሉ ይህን ልጽፍልዎ አልቻልሁም። ፊት ለፊትማ ምራት አማቷን መች ትናገራለች?

ልጄ እንዳላማው ባሳለ ቁጥር መድኃኒቱን ሊወቅጡ ሲቀመጡ ሙቀጫውን በነጠላዎ ሸፍነው፣ «ወለተ ኪዳን፣ ውጪልኝ። ዓይን ያየው መድኃኒት አይሠራም» ይሉኝ ነበር። ልጄን አዝዬ ደጅ እቆማለሁ። የጦስኙና የዝንጅብሉ ሽታ ደጅ ድረስ ይመጣል። አፍንጫዬ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ሌላ የማላውቀው ሥር ያለበት ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ለንግሥ መርጡለ ማርያም የሄዱ ጊዜ ልጁን ሳል ሲያፍነው፣ ዝንጅብሉ ጓዳዬ ተቀምጦ፣ እርስዎን ፍለጋ በጭቃው እያለቀስሁ ወጣሁ።

በቀደም ደብረ ማርቆስ ገበያ ሄጄ ብርድ ቢመታኝ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ አዘዝሁ። አንድ ጉንጭ ስቀምስ የእርስዎ መድኃኒት ነው።

«ልጄ፣ ምን ጨመርሽበት?» አልኋት ባለሻይዋን በሹክሹክታ።

«ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ! ማር ከፈለጉም አለ!» ብላ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች።

«ሌላስ?»

«ሌላማ ውኃ ነዋ፣ እማማ!»

የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳቁ። አንዱ፣ «እማማ፣ ምነው አለቀሱ? ፈጀዎት እንዴ?» አለኝ።

አዎ፣ ፈጀኝ። እግርዎን እያጠብሁ የለመንሁት ምስጢር ወጥ የምሠራበት ቅመም ኖሯል።

የባሰው ኀፍረት ግን ቤቴ ጠበቀኝ። ትናንት የልጅ ልጄ ሲያስል ያንኑ ልወቅጥ ተቀመጥሁ። ምራቴ ፀደንያ ልጁን ታቅፋ ገባች። እጄ ቀድሞኝ ነጠላዬን ሙቀጫው ላይ ጣለ።

«እማዬ፣ እኔም ልየው እንጂ። እርስዎ የሌሉ ለት ቢያመውስ?»

«ውጪልኝ። ዓይን ያየው መድኃኒት አይሠራም» አልኋት።

ድምፁ የእርስዎ ነበር። እርስዎስ ምናልባት አምነውበት ይሆናል፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው። ደጅ ቆማ ልጁን ስታባብለው ሰማኋት፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ምስጢር ከሌለኝ ለምን ትፈልገኛለች ብዬ ፈርቼ መሰለኝ። እርስዎም ይህንኑ ፈርተው ከነበር ምነው በነገሩኝ። ያለ መድኃኒቱም እግርዎን አጥብ ነበር።

ይቅር ልልዎ ሞከርሁ፤ ገና ነው። ዛሬ ግን ፀደንያን ጠርቼ ዘነዘናውን ሰጠኋት። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ትወቅጣለች። ዝንጅብሉን አበዛችው፤ ዝም ብያለሁ።

ደጅ ያቆሙኝ ምራትዎ ወለተ ኪዳን ነኝ። ከእንግዲህ ሙቀጫ አልሸፍንም።